ሰዓት የሌለው ቅጽ

«ይህን አይደለም የምትጽፊው!» አሉ ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል፣ የአማከለችን ደብተር በጣታቸው እየመቱ። «የቀትሩን ነው። የቀትሩን ብቻ!»

አማከለች ከፊቷ የተዘረጋውን የርክክብ ቅጽ ተመለከተች። ደብተሩ ላይ የሃያ ቀን ልኬት አለ። የሳይንስ ክበቡን ቴርሞሜትር የምትይዘው እሷ ስለሆነች፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ አንደኛ ክፍል እየገባች ታነባለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ዲግሪ፤ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው፣ አሥራ ዘጠኝ።

የአዲሱ አንደኛ ክፍል ፕላን ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይመታ፣ በላዩ ገለባ ይነጠፍ፣ የክፍሉ ሙቀት ከአሥራ አምስት ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይላል። የነደፈው ሰው የመንዝን ብርድ ሳያውቀው አልቀረም። ታዲያ ኮርኒሱ የታለ? ይኸው፣ ከጋሽ ዓምደ ሚካኤል ራስ በላይ! ለሕፃናቱ የመጣው ጣውላ የቢሮውን ጣሪያ አሳምሮ ቁጭ ብሏል። ዓይን ያወጣ ሌብነት! አንደኛ ክፍል ውስጥ ግን ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የረጋው ውርጭ እየቀለጠ ልጆቹ ደብተር ላይ ይንጠባጠባል። ታናሽ ወንድሟ ወዳጆ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ነው ፊደል የሚቆጥረው። ከኅዳር ጀምሮ ሳሉ አልለቀቀውም።

«ጓድ ተቆጣጣሪው ዛሬ ከአውራጃ ይመጣሉ» አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል። «ቅጹ ሙቀቱን እንጂ ሰዓቱን አይጠይቅም። አሥራ ዘጠኝ ውሸት ነው?»

«ውሸትስ አይደለም፣ ጋሼ። ግን ጠዋት...»

«ግን የለም! ቅጹ ከተፈረመ ርክክቡ አለቀ፤ ሌላ ጣውላ የሚጠይቅ የለም። ለሚኒስትሪ ፈተና ስምሽን የሚልከው ማን እንደሆነ ደግሞ አትርሺ።»

በሩን ዘግተው ወጡ። ጓደኛዋ አልጣሽ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አቦ፣ ጻፊና ተገላገይ! እኛ እንደሆን ዘንድሮ ስምንተኛን ጨርሰን መሄዳችን ነው።»

«ወዳጆስ?»

አልጣሽ አንደኛ ክፍል ወዳለበት ዞር ብላ አየች።

አማከለች ቅጹን ወደ ራሷ አስጠጋች። የሐሰት ቁጥር ጻፊ ቢሏት እንኳ እንዲህ ባልተናደደች። እሷው ራሷ ያነበበችውን እውነተኛ ቁጥር ነው ለውሸታቸው የፈለጉት!

እስክሪብቶዋን አነሳችና «19» ብላ ጻፈች። አልጣሽ እፎይ አለች።

ከዚያ አማከለች ማስመሪያዋን አወጣች። ከቁጥሩ ጎን አንድ መስመር ወደ ታች ሳበችና አናቱ ላይ «ሰዓት» የሚል አከለች። በ«19» ትይዩ «ቀትር፣ ስድስት ሰዓት» ብላ አሰፈረች። ከሥሩ «3» ጻፈችና በትይዩው «ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት፤ ልጆቹ ሲገቡ» ብላ ሞላች።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ስምሽን ሊያስቀሩብሽ ነው!» አለች አልጣሽ።

ቅጹ ግርጌ «ልኬቱን የወሰደው» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። አማከለች ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፈችበት።