መኪናው ሲቆም ያልቆመው

እናንተዬ፣ ሰው ሲበዛ መኪና የሚሰፋ የሚመስለን ለምንድን ነው? ከሠርግ ስንወጣ፣ ለቅሶ ስንደርስ፣ «ተጠጋጉ እንጂ፣ ምን አለበት!» እያልን አምስት ሰው በሚይዝ መኪና ሰባት እንጭናለን። አንዱን ሰው «ቦታ የለም» ብለን ከተውነው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያስቀየምነው ይመስለናል። ሙዘሚልም እንደማናችንም ነበር።

ሙዘሚል ኢስሊ በሚባል የንግድ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ በቦንዳ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ቤቱ እዚያው ከተማ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነው። ከሚስቱ ከሀጀራ ሁለት ልጆች አሉት፤ ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ላሚያና ገና ሁለት ዓመቱ የሆነው፣ በወጉ መራመድ ሳይችል ሩጫ የጀመረው ሱፍዋን። አባትየው ስለ ሱፍዋን ሲያወራ ደንበኞቹ እስኪሰለቹ ድረስ ነበር።

አንድ እሑድ ፓርክላንድስ ወደሚባል ሰፈር ሠርግ ተጠርተው ሄዱ። ከሞያሌ የመጡት የሙዘሚል አክስት ኩለሱምና አንዲት ጎረቤታቸውም እዚያው ነበሩ። ምሳው አልቆ ሰው ሲበተን ሁለቱ ሴቶች ወደ ሙዘሚል መኪና መጡ።

«እኛስ በየት በኩል ነን?» አሉ አክስት ኩለሱም እየሳቁ።

ሙዘሚል የኋላውን መቀመጫ አየ። ከሀጀራና ከላሚያ መሀል የሱፍዋን የሕፃን ወንበር ተደላድሎ ታስሯል። ምንም አላመነታም፤ ፈታና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ወረወረው።

«ባባ፣ ፕሊስ፣ አታውጣው!» አለች ላሚያ። «ለእነሱ ታክሲ በስልክ እንጥራ፤ አሁኑኑ ይመጣል እኮ።»

«እፈሪ! አክስቴን ለማታውቀው ሰው አስረክቤ እኔ ቤቴ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ፊዚክስ ላይ ተምረናል። መኪና ድንገት ሲቆም ውስጡ ያለው ሰው አብሮት አይቆምም። የሚይዘው ነገር ከሌለ በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። ኢነርሺያ ነው፣ ባባ።»

«አይ የዛሬ ልጅ!» አሉ አክስት ኩለሱም። «እኔ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ አንዱም ከእጄ አልወደቀም። ምን አጥፍቶ ነው እንደ እስረኛ የምታስሩት? አምጡት ወዲህ፣ የኔን ጌታ!»

ሁሉም ሳቁ። ጎረቤታቸው በሕፃኑ ወንበር ቦታ ከኋላ ገቡ፤ አክስት ኩለሱም ከፊት ተቀምጠው ልጁን ታቀፉት። መኪናው ቀበቶ አልታሰረም ብሎ ሲጮህ ሙዘሚል «ልጁን ይጫነዋል» አለና ቀበቶውን ከአክስቱ ጀርባ በስተኋላ ቆለፈው። ጩኸቱ ቆመ። ሀጀራ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ባሏን በእንግዳ ፊት ማሳፈር ከብዷት ተወችው።

ሞምባሳ መንገድ ላይ ከፊታቸው የነበረ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ ሊያነሳ ቀጥ አለ። ሙዘሚል «ያ አላህ!» ብሎ ፍሬን ረገጠ። ጎማው ተንጫጫ፣ መኪናው ተንሸራተተ፣ ከዚያ ጓ! ሲል የማታቱን ጀርባ መታ። ግጭቱ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። መብራት ተሰበረ፣ ኮፈኑ ታጠፈ፣ በቃ። መኪናው ቆመ። ሱፍዋን ግን ከአክስት ኩለሱም እቅፍ አምልጦ በጭንቅላቱ ዳሽቦርዱን መታው።

ሀጀራ የጮኸችው ጩኸት አይነገርም።

የልጁ የራስ ቅል ተሰንጥቆ ነበር፤ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ሲነቃ ግን ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሐኪሟ «ገና ሕፃን ነው፤ በብዙ ልምምድ ሊሻሻል ይችላል» አለች እንጂ ይድናል ብላ ቃል አልገባችም።

አክስት ኩለሱም የተሰበረ ክንዳቸውን በጀሶ አሳስረው ከሙዘሚል አጠገብ የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«አላህ የጻፈው ነው፣ ልጄ። ራስህን አትውቀስ» አሉት።

ሙዘሚል ይህን ቃል አቅፎ መተኛት አማረው። ግን ልቡ እንቢ አለው።

«አላህ የጻፈውን እኔ አላውቅም፣ አክስቴ። ወንበሩን የፈታሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን አውቃለሁ።» ከዚያ ዓይኗ በልቅሶ ወዳበጠው ሴት ልጁ ዞረ። «ላሚያ፣ ያን ጊዜ ያልሽኝን እንደገና ንገሪኝ። አልሰማሁሽም ነበር።»

ላሚያ አፍንጫዋን ጠረገች። «ሱፍዋን አሥራ ሁለት ኪሎ ነው። ስንጋጭ ፍሬን ይዘህ ስለነበር ፍጥነታችን በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነበር እንበል። መኪናው ደግሞ የቆመው ዓይን እስኪርገበገብ ባለች ጊዜ ነው። እሱን አብሮ ለማስቆም መቶ ኪሎ የሚያነሳ ኃይል ያስፈልግ ነበር። ጊዜው ባጠረ ቁጥር ኃይሉ ይበዛል።»

መቶ ኪሎ! ሙዘሚል ክብደት ያውቃል። በእሱ ሱቅ ያ ሁለት ቦንዳ ነው፤ አንዱን ቦንዳ እንኳ ጎረምሳ ተሸካሚ እያቃሰተ ነው የሚያነሳው። ሁለቱን እያንደረደረ አሮጊት አክስቱ ላይ የወረወረው ያህል ተሰማው።

«ታዲያ እኔ በደንብ ስላልያዝኩት አይደለም?» አሉ አክስት ኩለሱም በቀጭን ድምፅ።

«አይደለም፣ እማማ» አለች ላሚያ። «ማንም ሊይዘው አይችልም ነበር። እናቱም ብትሆን፣ ባባም ቢሆን።»

አክስት ኩለሱም ወደ ሙዘሚል ዞሩ።

«ታዲያ ለምን አልተውከኝም? ለምን ‹ቦታ የለም› አላልከኝም?»

«አፈርኩ» አለ ሙዘሚል። ከዚያ በኋላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ሱፍዋን ከሆስፒታል የወጣ ቀን ዘመድ ሁሉ ሊቀበለው ተሰበሰበ። የሀጀራ ወንድም አሚርም ሚስቱን፣ ሦስት ልጆቹንና ሁለት ጎረቤቶቹን በአንዲት ትንሽ መኪና ጠቅጥቆ ነበር የመጣው። ሊመለሱ ሲሉ ትንሿ ልጁ ከፊት በእናቷ ጭን ላይ ቆማ መስተዋቱን ትደበድባለች።

ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ያልወቀሰችው ሀጀራ ልጇን እንደታቀፈች ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

«አሚር፣ ልጅቷን ከኋላ እሰራት። ሁለት ሰው ደግሞ ይውረድ።»

«ኧረ ተይ እህቴ፣ ሰው አውርጂ ይባላል እንዴ! ኪሌሌሽዋ እኮ ነው የምንሄደው፤ ቅርብ ነው።»

ሀጀራ አልተከራከረችም። የሱፍዋንን ቀኝ እጅ ወደ ላይ አነሳችና ለቀቀችው። እጁ ዱብ አለ።

አሚር ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱ ጎረቤቶች ዳግም ሳይጠየቁ ወረዱ፤ አንዳቸውም አልተቀየሙም።

ወገኖቼ፣ እንግዳ ማክበር መልካም ነው፤ ማንም ተዉት አይላችሁም። ነገር ግን ኃይልና ፍጥነት ዘመድ አያውቁም፤ እንግዳም አያከብሩም። ልጃችሁን በወንበሩ እሰሩት፣ ራሳችሁም ታሰሩ፤ የተረፈውን ሰው ደግሞ «ቦታ የለም» በሉት። ቢቀየም ትታረቁታላችሁ።