ሰው የማይሞትባቸው ፊልሞች

ኦጅዋክ መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን ግንባሩ ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ። እኔ ደግሞ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ይቅርታ... አመመህ?»

«ምንም አይደል» አለ ግንባሩን እያሻሸ። «ሙሐመድአሚን አለ? አንተ እህቱ ነህ?»

«አንቺ ነሽ ነው የሚባለው።»

«አዎ... አንቺ» አለና አፈረ። አኙዋክ ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ሲደነግጥ ወንድና ሴት ይደባለቅበታል።

ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። እኔ ፍርዶስ፣ ከተማው ውስጥ አንድ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ሙሐመድአሚን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጎሬ ሲወርድ መኪናው ተገለበጠና ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ነው የተኛው። የመረመረው ሐኪም የውጭ አገር ሰው ስለነበር የእንግሊዝኛ መምህሩ ኦጅዋክ አስተረጎመለት፤ በዚያው ወዳጆች ሆኑ።

ለወንድሜ ከደህናው ዘመኑ የተረፈው አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቪዲዮ ዴክ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ሲለቀቅ መስኮቱን በአንሶላ እንጋርዳለን። የቆርቆሮው ጣሪያ ይፋጃል። ላባችንን እየጠረግን የህንድ፣ የካራቴ፣ የጦርነት፣ የካውቦይ... ያገኘነውን ሁሉ እናያለን። ኦጅዋክ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያስተረጉምልናል። የህንዱን እንኳ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበ ይነግረናል። ጥይት መትቶት የወደቀውን ሁሉ «ቆስሎ ነው» ይለናል።

ፊልሙ ሲያልቅ ወንድሜ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እሺ፣ ከአስር ስንት?»

እሱ ነጥብ የሚሰጠው በአነዳድ ነበር። ዳገት ላይ ማርሽ የማይቀይር ሾፌር ካየ ፊልሙ አለቀለት። «ሦስት! ይሄ ሰውዬ መንጃ ፈቃድ የለውም!» ይላል። እኔ ንፉግ ነበርኩ፤ ከአምስት በላይ አይወጣኝም። ኦጅዋክ ግን ለሁሉም ሰባት ነው።

«ይሄንንም ሰባት? ይሄን የማይረባውን?»

«ስንት ሰው ደክሞበታል፣ ፍርዶስ።»

የወደድኩት በዚህ መልሱ ይመስለኛል። ወይም ደግሞ ወንድሜን ቀስ ብሎ ሲያገላብጠው፣ ትራሱን ሲያስተካክልለት ሳየው። እሱም ይወደኝ ነበር። አልነገረኝም... ግን ሻይ ሳቀብለው ብርጭቆውን እንጂ እኔን አያይም። ሌላውን ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ነው የሚያየው።

አንድ ቅዳሜ የህንድ ፊልም እያየን ነበር። አንዲት ልጅ ሐኪም ቤት ደጃፍ ቆማለች፤ ሐኪሙ ወጥቶ አንድ ነገር ነገራት። ከሥር የተጻፈውን አነበብኩት። ያን ሰሞን ቢሮ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መምታት ጀምሬ ስለነበር «ሞቷል» የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ። ኦጅዋክ ግን፣

«አባትሽ ድኗል እያላት ነው» አለ።

ልጅቷ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?» አልኩት።

«ከደስታ ነው።»

ደሜ ፈላ። ወንድሜ ፊት ምንም ሳልል ኦጅዋክ ሲወጣ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ያዝኩት።

«ስትዋሸን ነው የከረምከው?»

ዞር ብሎ የወንድሜን መስኮት አየ።

«ሰፋሪዎች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ ብለህ ነው? ያንን በሽተኛ እንደ ሕፃን ስታታልለው ትንሽ አታፍርም?»

«ፍርዶስ... እንደዚያ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ? ንገረኝ!»

ዓይኑ እንባ አዝሏል። እኔ ግን ጥፋተኛ ስለሆነ መሰለኝ።

«ሁለተኛ እንዳትመጣ» አልኩት።

አልመጣም። ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በሦስተኛው ወንድሜ ዴኩን እንዳልከፍት ከለከለኝ።

«ምን አልሽው?»

ነገርኩት።

«እኔ ነኝ እንዲያ በል ያልኩት» አለ።

«ምን አልከው አያ?»

«መጀመሪያ ሰሞን ፊልም ላይ ሰው ሲሞት አንቺ ወደ እኔ እያየሽ ታለቅሺ ነበር። አልቻልኩትም፣ ፍርዶስ። እህቴ ፊት ማንንም አትግደልብኝ ብዬ ለመንኩት።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ኩላሊቴ እየሠራ አይደለም። ሐኪሙ ዓመት አልሰጠኝም። ያስተረጎመው ኦጅዋክ ስለሆነ ያውቃል። እንዳይነግርሽ በእናቱ ስም አስምዬዋለሁ።»

እግሮቹ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እግሮቹ አይሰሙትም፤ እጁን ግን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ።

በማግስቱ ኦጅዋክን ልፈልገው ወጣሁ። ባሮ ዳር ካለው ቤታቸው ፊት ለፊት ተቀምጦ ደብተር ሲያርም አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ያን ሁሉ ስሰድብህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምዬለት ነበር። ደግሞ... እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል ብዬ ነው። ያን ነገር ከማወቅ።»

«አልጠላሁህም» አልኩት። «ልጠላህ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።»

ያን ቀን ነው እጄን መጀመሪያ የያዘኝ። የደስታ ቀን አልነበረም... ሁለታችንም እያለቀስን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኦጅዋክ እውነቱን ማስተርጎም ጀመረ። የሚሞተው ሞተ፣ የተለየው ተለየ። ወንድሜ ከነሐሴ ወዲያ ሰውነቱ አብጦ ብዙ ማየት አልቻለም፤ ድምፁን ብቻ ይሰማል። ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ውሃ ላመጣለት ዞር ስል አረፈ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ኦጅዋክ ነበር። አባቴ ሷሊህ ከአቦቦ መጥቶ ያንን ረጅም ልጅ አየው። አቅፎትም አለቀሰ።

ወንድሜ ከሞተ ስድስት ወር ሲሞላው ኦጅዋክ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ ውሃ አጠጣቸው። ከዚያ ራሱን ኦጅዋክን አስጠራው።

«ልጄን በትከሻህ ተሸክመህልኛል። በምን እነቅፍሃለሁ? ግን ሃይማኖታችን ለየቅል ነው። ልጄን ከሃይማኖቴ ውጭ መስጠት አልችልም። ብትቀየመኝም አልፈርድብህም።»

«አልቀየምም፣ አባባ» አለ ኦጅዋክ።

የእሱም አባት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ። እናቱ እምነትህን እንዳትጥል ብላ ደጋግማ ለምናዋለች። እኔንማ ብትጠይቁኝ፣ እጁን ይዤ መቲ ከተማ ድረስ፣ ከዚያም ወዲያ እጠፋ ነበር። ግን ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እናቴ እኔ ጋ ቀርታ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች እኔ መኖሬን በእጇ ትዳስሳለች። ሁለት ልጅ ወልዳለች፤ አንዱ አፈር ለብሷል። እንዴት ብዬ ልሂድባት?

ሁለት ዓመት ጠበቀኝ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የባሮ ድልድይ አጠገብ ጠበቅኩት።

«አልመጣም፣ ኦጅዋክ» አልኩት። «ዛሬም፣ ከርሞም አልመጣም። አግባ።»

ባሮ ሞልቶ ነበር። የኦጅዋክን ድምፅ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

«እኔ መጠበቁ አይከብደኝም።»

«እኔን ይከብደኛል። ስትጠብቀኝ ባየሁህ ቁጥር እናቴን እጠላታለሁ። እናቴን እየጠላሁ መኖር አልችልም።»

ከዚያ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ፤ ሌላ ምንም አልነካኝም።

«እሺ» አለ። «እሺ፣ ፍርዶስ።»

በዓመቱ አገባ። ሚስቱ አጁሉ ትባላለች፤ ነርስ ናት፣ ደግ ሴት። እኔም ሙሐመድኑር የሚባል የአቦቦ ልጅ አገባሁ። ክፉ አይደለም። ሲደክመኝ ያውቃል፤ እናቴን እንደ እናቱ ይጦራል። ሌላ ሰው እወድ እንደነበረ ነግሬዋለሁ። «ሰው ሲወድ ኖሮ ነው የሚያገባው» አለኝ እንጂ ሌላ አልጠየቀኝም።

ባለፈው የገበያ ቀን ኦጅዋክን በራችን ላይ ሲያልፍ አየሁት። ጸጉሩ ሸብቷል። ቆመ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና።»

ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ እጁን አንስቶ ተሰናበተኝና መንገዱን ተሻገረ። መታጠፊያው እስኪሰውረው አየሁት። ከዚያ ውስጥ የተኛው የመጨረሻ ልጄ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ፤ ላጠባው ገባሁ።