ከተዘጋው ሳንባ የመጣ ትንፋሽ

ከሁሉ በፊት ይኼን ልንገርህ፣ እኔ በጂንም በዛርም በሙት መንፈስም አምኜ አላውቅም፣ እናቴ አዲስ ቤት በተከራየን ቁጥር ጠበል ካልረጨሁ ስትል የምስቅባት እኔ ነበርኩ፣ ሥራዬም ሰው ማስተኛት ነው፣ ወልድያ ውስጥ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ፣ ስንት ሰው እጄ ላይ ተኝቶ እጄ ላይ ሲነቃ ነፍስ የሚባል ነገር ሲወጣ ሲገባ አላየሁም፣ ያየሁት የኦክስጅን ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ ብቻ ነው። እንግዲህ ሳቅ ከመጣብህ ሳቅ፣ አልቀየምህም።

የሆስፒታሉን ስም ተወው፣ ምን ያደርግልሃል። ሰውየው ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፣ የመርሳ ሰው ናቸው፣ ገበያ ላይ ከብት የሚያሻሽጡ ደላላ። ቀኝ ሳንባቸው መግል ቋጥሮ በስብሷል፣ ሲስሉ አልጋ ክፍሉ በሙሉ አፍንጫውን ይይዛል። ያን ሰሞን ከሌላ ከተማ ለጥቂት ቀን የመጣ የደረት ቀዶ ሐኪም ነበርና «የበሰበሰውን አውጥተን እንጥለዋለን፣ በአንዱ ይኖራሉ» አላቸው። እሳቸውም አመኑት፣ ሚስታቸው እመት ዘሀራም አመኑት፣ እኔም አመንኩት።

ነገሩ እንዲገባህ ትንሽ ላስረዳህ። የታመመው ሳንባ ሲቆረጥ ደህናው ብቻውን መተንፈስ አለበት፣ መግሉ ወደ ደህናው ከፈሰሰ ግን ሰውየው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሰምጦ ይሞታል፣ ሁለቱን መለየት ደግሞ የኔ ፋንታ ነው። ተራውን ቱቦ ገፍተህ ደህናው ሳንባ ድረስ መክተት ትችላለህ፣ ይኼ የቸገረው ሰው ዘዴ ነው፣ የታመመውን ወገን መምጠጥ አትችልም። ወይ ደግሞ የታመመውን መግቢያ በትንሽ ፊኛ ትወትፋለህ። አብራኝ የምትሠራው መሠረት ይኼንን ነበር የፈለገችው።

«ለጉሮሯቸውም ይቀላል፣ ምን አደከመህ?» አለችኝ።

«ፊኛዋ ብትንሸራተት መግሉን አንቺ ትጠጪዋለሽ?» አልኳት። ክፉ አፍ አለኝ፣ አውቃለሁ።

እኔ የመረጥኩት ባለ ሁለት መንገዱን ቱቦ ነው፣ አንዱ መንገድ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ፣ ጫፉ ላይ የግራውን ቧንቧ ለብቻው የሚይዝ ፊኛ አለው። ፊኛዋን በሲሪንጅ አየር ትሞላታለህ፣ ሁለት ሚሊ፣ ቢበዛ ሦስት፣ ከዚያ ካለፍክ የሰውየውን የአየር ቧንቧ ትቀድደዋለህ። ቱቦው ቦታውን መያዙን የምናይበት ካሜራ ተበላሽቶ ስለነበር እንደ ልማዳችን በጆሮዬ አረጋገጥኩ፣ ቀኙን ስዘጋው ቀኝ ደረታቸው ጭጭ አለ፣ ግራው ጥርት አድርጎ ይተነፍሳል። እመነኝ፣ ሥራዬ እንከን አልነበረውም፣ እንዲያውም መሠረትን ዞር ብዬ «አየሽ?» አልኳት።

ደረታቸው ተከፈተ። የቀኙን መንገድ ጫፍ ክፍት አድርጌ ትቼዋለሁ፣ አየሩ ወጥቶ ሳንባው እንዲሟሽሽ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከዚያ ቀዳዳ ምንም መውጣት የለበትም። ትንሽ ቆይቶ ጆሮዬ ሥር እፍፍ የሚል ነገር ሰማሁ። ፊኛዋ አፍስሳ ይሆናል አልኩና ከጥጥ ላይ ክር ነቅዬ ቀዳዳው ፊት ያዝኩት፣ ክሩ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ቆየ፣ ተመልሶ ወጣ። ፊኛዋ ብታፈስ ኖሮ ከመተንፈሻ ማሽኑ እኩል ነበር የሚነፍሰው፣ ይኼ ግን ማሽኑ ሦስቴ ሲተነፍስ እሱ አንዴ ነው፣ ምሳውን በልቶ ጥላ ሥር የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው የሚመስለው። ማሽኑን ለጥቂት ሰከንድ አቆምኩት። ክሩ አልቆመም።

«ዶክተር፣ ቀኝ ሳንባቸው ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

«እጄ ላይ ነው፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኗል፣ ምነው?» አለኝ።

«አይ፣ ምንም» አልኩት። ምን ልበለው?

ሳንባውን ቆርጦ ሳህን ላይ ጣለው፣ የቀረውን የቧንቧ ጫፍ ሰፋው። አሁን እንግዲህ አስበው፣ የቀኙ መንገድ የሚሄደው ወደ ተሰፋ ሥጋ ነው፣ ከወዲያ ሳንባ የለም፣ ሳንባው ሳህን ላይ ነው! ክሩ ግን ገባ፣ ቆየ፣ ወጣ። መዳፌን አስጠጋሁ፣ ይሞቃል። ከዚያ፣ ወላዲተ አምላክን፣ ከቀዳዳው ውስጥ አንድ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ።

ፈራሁ። ፈሪ ሆኜ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ይኼ ነገር እንዳይናገር ብቻ ነበር የፈለግሁት። ቀዳዳውን በክዳኑ ብዘጋው ይበቃኝ ነበር፣ እጄ ግን ሲሪንጁን አነሳና ፊኛዋ ላይ አንድ ሚሊ ጨመረ። ትንፋሹ አለ። አንድ ደገምኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች መሠረት።

«እየደፈንኩ።»

«ምኑን?»

ሌላ ጨመርኩ፣ አውራ ጣቴ ሥር የሆነ ነገር ላላ ሲል ተሰማኝ፣ ድምፁም ቆመ። ጸጥ ሲል ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም፣ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የጋሽ ሰይድ አንገት ያብጥ ጀመር፣ ከተቀደደው ቧንቧ አየር ቆዳቸው ሥር እየገባ ነው፣ ኦክስጅናቸው ዘጠና፣ ሰባ፣ አርባ እያለ ወረደ፣ ሐኪሙ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ፣ የምናውቀውን ሁሉ አደረግን፣ አልሆነም። ከመስጊድ የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ ማሽኑን አጠፋሁት። «ልባቸው አልቻለም» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሐኪሙም እንዳልኩት ጻፈው። መሠረት ሲሪንጁን ከእጄ ወስዳ ጣለችው፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ እስከ ዛሬም አልተነፈሰችም።

ለቤተሰብ መንገርም ለኔ ደረሰ። እመት ዘሀራ ከውርጌሳ ከመጣች እህታቸው ጋር ደጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ በእነሱና በኦፕሬሽን ክፍሉ መሃል ሁለት የተዘጋ በርና ረጅም ኮሪደር አለ። ነገርኳቸው። አለቀሱ፣ አልቅሰው ሲያበቁ «ምንም አልተሰቃዩም» አልኳቸው።

«እናውቃለን ልጄ፣ ትንፋሹን ስንሰማው ነው የዋልን፣ ቀስ እያለ ነበር የሚተነፍስ፣ ደህና ነው ብለን አላህን ስናመሰግን» አሉኝ እመት ዘሀራ። እህትየዋም አንገቷን ነቀነቀች። እሳቸው ቀጠሉ፣ «ኋላ እኮ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ማነው ያፈነው?»

«ቀናቸው ደርሶ ነው እመት ዘሀራ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና እጄን ያዙ። ሟች ከመቀበሩ በፊት ያስቀየመው ሰው ካለ አፉ ይሉታል፣ ይቅር ማለት ነው፣ ይኼ የአገሩ ደንብ ነው። «ከጧት ጀምሮ ለሱ ስትደክም ነው የዋልክ። ያስቀየመህ ነገር ካለ አፉ በለው።»

«አፉ ብያለሁ» አልኩ።

እጄን አልለቀቁኝም። አንገታቸውን ወደ በሩ ዘንበል አድርገው ትንሽ አዳመጡ።

«ጮክ በል ልጄ፣ እሱ አልሰማህም» አሉኝ።