በዱን ኦርማግ ግንብ የቀረው ሰው

ሾና ማክአስኪል የገደሉን ጥግ ይዛ ስትወርድ ነፋሱ ሻሿን ነጥቆ ባሕሩ ላይ ጣለው። ዞር ብላም አላየችው። ማዕበሉ ግንቡን ከየብስ የሚያገናኘውን ድልድይ ጠርጎ ወስዶታል፤ ግንቡ ውስጥ ደግሞ ወንድሟ ላክላን አለ። ባለርስቱ መሬቱን ነጥቆት መንደርተኛው ተጠራርጎ በመርከብ ሲሰደድ «የአባቶቼን ቤት ለቁራ አልተውም» ብሎ ብቻውን ቀረ። እሷም ከኔ ጋር ኑር ብላ ለምና እምቢ ሲላት፣ ተቀይማው ከሰላጤው ማዶ ብቻዋን ስትኖር ዓመታት አለፉ።

የቀረው መግቢያ የባሕሩ በር ነበር፤ ጥንት ጀልባዎች በቀጥታ ወደ ግንቡ ሆድ የሚገቡበት ዋሻ። ውሃው ሲሸሽ እስከ ወገቧ እየሰመጠች ተሻገረች። ዋሻው ውስጥ ከማዕበሉ የተጠለለ፣ በሬ የሚያክል አቆስጣ የሚሉት የባሕር እንስሳ ጥርሱን አግጥጦ ተወረወረባት። ካባዋን አውልቃ ፊቱ ላይ ጣለችበትና፣ እሱ ጨርቁን ሲቦጫጭቅ ደረጃው ላይ ዘላ ወጣች።

ደረጃው ጠመዝማዛ ነው። ጠላት እንዲደናቀፍ ሆን ተብሎ ከፍ የተደረገውን እርከን እግሯ ሳይረሳው ዘለለው። በጥንቱ ጦርነት የንጉሡ መርከቦች በመድፍ ያቃጠሉት ግድግዳ ዛሬም ጥቁር ነው። እሱን እየዳበሰች ስትወጣ አንድ ድንጋይ ከላይ ተወርውሮ ጆሮዋን ታክኮ ወረደ፤ የላክላን ድምፅም ተከተለው።

«ውጡ! የባለርስቱ ሎሌዎች! በሕይወቴ እያለሁ አታገኙትም!»

«እኔ ነኝ፣ አንተ ድንጋይ ራስ! ሾና ነኝ!»

«ሾና እዚህ አትመጣም።»

«መጣሁ እኮ! እጅህን ሰብስብ!»

አዳራሹ ውስጥ፣ ጣሪያው ተደርምሶ ሰማይ በሚታይበት ሥር፣ ላክላን እግሩ ተሰብሮ ተጋድሟል። ከንፈሩ ደርቋል። ከዓለቱ ከተፈለፈለው ጉድጓድ፣ በጨው ባሕር መሃል ከሚፈልቀው ጣፋጭ ውሃ፣ ቀድታ አጠጣችው።

«ምን አመጣሽ?»

«ናፍቀኸኝ ነው። ደስ አለህ?»

እግሩን በሳንቃ ስታስርለት እጇን ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

«ከሄድኩ ማን ይጠብቀዋል?»

«ማንም። መድፍ ያልጣለው ግንብ ነው፤ ያላንተም ይቆማል። አንተ ግን ያለ ሰው አትቆምም።»

አዝላው ወረደች። አቆስጣው ወደ ባሕሩ ሄዷል፤ ውሃው ግን እየተመለሰ ደረቷ ደረሰ። ማዕበል ሲያንገዳግዳት «ልቀቂኝ!» ብሎ ጮኸ። «ዝም ብለህ አንገቴን ያዝ!» አለችውና ዓለቱን በጥፍሯ ቧጥጣ ወጣች።

ሣሩ ላይ ተዘርረው ብዙ ቆዩ። ላክላን አንዴ ወደ ግንቡ፣ አንዴ ወደ እሷ አየ።

«ቤትሽ ስንት አልጋ አለው?»

«አንድ። ሌላ እንሠራለን።»

«እንሠራለን» የሚለው ቃል ለራሷ ጆሮ እንግዳ ሆነባት። ስንት ዘመኗ፣ «እሠራለሁ» ብቻ ስትል!