እኔን ማን ጠየቀኝ?

አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አጥንት አሰበረች ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆኗል።

መምህሯ በቅዳሜው የጎልማሶች ክፍል ሰሌዳ ላይ «አኮርድ» ብላ ጻፈች። «ሁለት እኩዮች ሲያደርጉት መስማማት ነው። አንዱ ከበላይ ሆኖ ሲያደርገው ግን መስጠት፣ መፍቀድ ይሆናል» አለች።

ከተማሪዎቿ አንዱ፣ ብረት በያጁ፣ ከኋላ ወንበር ጥቁር እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሴት ልጅ ስትዳርስ የትኛው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሥጋ ሻጩ ወንድሟ፣ ያሳደጋት እሱ ነውና፣ ሳይጠይቃት ለከብት ነጋዴ ባልንጀራው ሊድራት ቃል ገብቶ ነበር። በያጁን ቀና ብላ አየችው። እሱም ዓይኑን አልነቀለም።

ከዚያ ወዲህ እስከ ሰፈሯ ጥግ ይሸኛት ጀመር።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

«ቃል እያጠናሁ።»

«ፊቴ ላይ ተጽፏል?»

«ሞልቶ!»

መቼም ወሬ እግር አለው፤ ወንድሟ ዘንድ ደረሰ። መጀመሪያ እሷን በጥፊ አጮላት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። «ባልንጀራዬ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» አለና ወደ ብየዳ ቤቱ ገሰገሰ። እሷም ደሟን በእጇ እየጠረገች ተከትላው ሮጠች።

ስትደርስ ወንድሟ በያጁን አንቆ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል። አፍንጫውን በቡጢ አፈረሰው። በእርግጫ ጣለው፤ ሲነሳ ደግሞ የብረት ዘንግ አነሳበት። በያጁ እየተንገዳገደ እሳት የሚተፋውን የብየዳ መያዣ ጨበጠ። ያን እሳት ፊቱ ላይ ቢለቅበት ሥጋ ሻጩ ዕድሜ ልኩን በመሪ ይሄድ ነበር።

ግን በብየዳ ቤት ሕግ አለ። እሳት ከመጫሩ በፊት በያጅ «ዓይን!» ብሎ ይጮኻል፤ አጠገቡ ያለ ሰው ፊቱን እንዲያዞር። ልማድ ክፉ ነው፤ ይኸው ነፍሱ በጥርሱ ተይዛ እንኳ «ዓይን!» አለ።

ወንድሟ ፊቱን አዞረ። ዘንጉን ግን አልመለሰም። የበያጁ ክንድ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ወይኔ!» ብላ ላዩ ላይ ወደቀች። «በቃ! እኔን ግደለኝ!»

ወንድሟ መሬት የወደቀውን መያዣ አየ። ሊያጠፋው ሲችል ያስጠነቀቀው ሰው እግሩ ሥር በደም ተነክሮ ያቃስታል። ዘንጉ ከእጁ ወደቀ።

በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ በያጁ የተኛበት ሐኪም ቤት መጣ። «በድዬሃለሁ። ነጋዴውን ይቅርብህ ብየዋለሁ። እህቴን ላንተ ሰጥቻለሁ» አለ።

ምስኪን በያጅ! በደስታ የሚይዘው ጠፋው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!» ብሎ ደህናውን እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ።

አልጋው ራስጌ የቆመችው መምህር ደሟ ፈላ።

«እሰይ! ተገበያያችሁ? አንዱ መትቶ ሰጠ፣ አንዱ ተመትቶ ተቀበለ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

በሩን አላትማ ወጣች። መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። ከወንድሟ ጥፊ ይልቅ ያ «እግዜር ይስጥልኝ» አንገበገባት፤ በያጁን ትወደው ነበራ።

በያጁ ከሐኪም ቤት እንደወጣ ክንዱን በጀሶ ጠቅልሎ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት።

«ጥፋቴ ገብቶኛል። አንቺን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ። ታገቢኛለሽ?»

«አላገባህም!»

ይለምነኛል ብላ ጠበቀች። ላንቺ ስል ነው የተሰበርኩት ይላል፣ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። የለመደችው እንዲህ ያለውን ነው።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እሺ» አለ። «ከንፈርሽን ግን ታከሚው፤ ገና አልዳነም።» ዞሮ ሄደ።

እሷ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። በዕድሜዋ «አይሆንም» ብላ፣ የሰማት ሰው ቃሏን ተቀብሎ ሲሄድ አይታ አታውቅም። ጀርባው ወደ መንገዱ ማዶ ሲርቅ ልቧ አብሮት ሄደ።

«አንተ!» ብላ ጮኸች።

ዞረ።

«እስቲ ደግመህ ጠይቀኝ!»