በበዓል የሚታመመው መኪና

ፈንታሁን በኅዳር ሚካኤል ጠዋት ሣር ማጨጃው መኪና ሥር ሞቶ ተገኘ። የተቆረጠ አንገቱ ምላጩ ላይ ተጋድሟል። ጣሊያኖች ለበቅሎዎቻቸው ድርቆሽ የሚያጭዱበት፣ ሰው ተቀምጦ የሚነዳው መኪና ነው። ነጂው ፈንታሁን፣ ጠጋኙ አብዱ ነበሩ። የደብረ ታቦሩ ጦር ሰፈር አዛዥ ብዙ አላሰበም። «አብዱ ሽቦውን አበላሽቶ፣ መኪናው ሲያጠፉት እንዳይቆም አድርጎ ገደለው» አለና ለቅዳሜ ገበያ እንዲሰቀል ፈረደ። ጠላት ሲፈርድ ምስክር አይቸግረውም። መኪናው ግን ማንም እንዳይነካው በወታደር አስጠበቀው፤ ከአብዱ ነፍስ ይልቅ እሱ ያሳሳው ነበር።

የአብዱ ሚስት ሩቅያ ልጆቿን አስከትላ ዘውዱ ደጅ ወደቀች። ዘውዱ ከወረራው በፊት ነገረ ፈጅ ነበር፤ በችሎት ፊት ስንቱን ውሸታም ያስለቀሰ ሽማግሌ። አዛዡን በአስተርጓሚ ለምኖ እንደ አገሩ ወግ ሕዝብ ተሰብስቦ ወንጀለኛ የሚያወጣበት አውጫጭኝ እንዲቀመጥ አስፈቀደ። አዛዡ የልጆች ጨዋታ መስሎት ሳቀ እንጂ አልከለከለም።

ዘውዱ መጀመሪያ የጦር ሰፈሩን ዘበኛ ደምሴን ጠየቀ። ደምሴ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ ነው።

«ባሻ፣ ምን አየህ?»

«ከጉብታው ላይ ነበርሁ። መኪናው ሲያጓራ፣ ሲያጓራ ቆይቶ ጸጥ አለ። ሮጬ ስደርስ ሰውየው አልቋል።»

«ሲያስነሣውስ አስቸግሮት ነበር?»

«ኧረ ማስነሻውን አንድ ጊዜ ሲያዞረው ነው የተነሣ! በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ።»

ዘውዱ አመስግኖት ወደ ድርቆሽ ከማሪው ወደ ሙላቴ ሄደ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይላሉ።»

«በአጥር ተጣልተናል፣ አያ ዘውዱ። ግን የዚያን ለት ከሌሊት ጀምሬ ቅዳሴ ላይ ነበርሁ፤ ካህናቱን ይጠይቁ። ጠብ ካሉስ ባሻ ደምሴ ይባስ፤ የፈንታሁንን ርስት ካልወሰድሁ ብሎ ስንት ዘመን ተካሰሰው።»

«ፈንታሁን በሚካኤል ሣር ያጭዳል?»

«እሱ? አንገቱን ቢቆርጡት!» አለና ሙላቴ ያለውን ሰምቶ ደነገጠ።

አብዱ እጁን የኋሊት ታስሮ ተቀምጧል። ዘውዱ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ይህ መኪና በማርያም ታመመ አሉ። በገብርኤል ታመመ። በመድኃኔ ዓለምም ታመመ። በአዘቦት ቀን ግን እንደ ወይፈን ይፈነጫል። ልጄ፣ መኪና ጽዋ ይጠጣል እንዴ?»

አብዱ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰ።

«አያ ዘውዱ፣ ጣሊያኖቹ በበዓልም እጨድ ሲሉት ፈንታሁን አላጭድም እያለ ሲጨነቅ እኔ ነኝ ያሳየሁት። ከመኪናው ወንበር ሥር ሽቦውን ልጦ ብረቱን ካስነካው የሚያስነሣው እሳት በዚያው ይፈስሳል፤ መኪናው አይነሣም። ከበዓል በኋላ ያላቅቀዋል። ከእሱና ከሚስቱ ከእቴነሽ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህን ብናገር ግን...»

«ስለ መኪናው ይሰቅሉሃል። ዝም ብትል ደግሞ ስለ ሰውየው።»

ዘውዱ ብዙ ነገር አሸንፏል፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሞት አያውቅም። ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

አርብ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። አዛዡ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዘውዱ አብዱን አስፈታና መኪናውን እንዲመረምር አዘዘው። አብዱ እሳት የሚያፈልቀውን ካንዴላ ፈትቶ ከነሽቦው ብረቱ ላይ አስደገፈው፤ ሙላቴም ማስነሻውን አዞረ። እሳት የለም። እንደገና አዞረ። የለም። ዘውዱ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ወንበር ሥር የተላጠውን ሽቦ ከብረቱ አላቀቀ። ሙላቴ ሲያዞር ካንዴላው ጫፍ ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ።

«መኪናው ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥበቃ ሥር ነው» አለ ዘውዱ። «ስለዚህ በሚካኤል ጠዋትም እንዲሁ ነበር፤ አልተነሣም። ያልተነሣ መኪና አያጓራም፤ ምላጩም አይዞርም። ፈንታሁን በሰው እጅ፣ በስለት ታርዶ ነው ከሥሩ የተጋደመ። አብዱ መኪና ጠጋኝ ነው፤ ቢገድል ኖሮ በማይነሣ መኪና አያመካኝም። ሙላቴ ቅዳሴ ላይ ነበር፤ ካህናቱ መስክረዋል። ያልተነሣውን መኪና ሲነሣ ያየ፣ ሲያጓራ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሕዝቡ ወደ ደምሴ ዞረ። ደምሴ ጠመንጃውን ሊያነሣ ሲል ወታደሮቹ ያዙት።

አዛዡ ግን ደምሴን አላየውም። ዓይኑ ሽቦው ላይ ነበር።

«ሽቦውን ብረቱ ላይ ያደረገው ማነው?» አለ በአስተርጓሚው።

አብዱ አፉን ከፈተ። እቴነሽ ቀደመችው። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«ባሌ ነው። ብቻውን ነው ያደረገው። ማንም አላሳየውም።»

አዛዡ አሰበ። ደምሴን ትጥቁን አስፈትቶ ወደ ጎንደር ሰደደው፤ ይታሰር ይሾም የደብረ ታቦር ሰው አላወቀም። አብዱን ለቀቀው። የፈንታሁን ሬሳ ግን ከመቃብር ወጥቶ ለአብዱ በተተከለው እንጨት ላይ እንዲሰቀል አዘዘ።

ቅዳሜ ገበያተኛው ፊቱን እያዞረ አለፈ። አብዱ መጥቶ እቴነሽ አጠገብ ቆመ፤ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«እኔ ነበርሁ ያሳየሁት። ለምን እንዲህ አልሽ?»

«እሱ ሁለተኛ አይሞትም» አለችው። «የሩቅያ ልጆች ግን አባት ይፈልጋሉ።»

አብዱ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ለቅሞ አመጣ። ሁለቱ እስኪመሽ ድረስ አሞራ ሲከለክሉ ዋሉ።