ዘበኛው የሮጠበት

የትራክተር ነጂው አስከሬን ከሰሊጥ ክምሩ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ፤ ጥይቱ የገባው በጀርባው ነው። ኢንስፔክተር የትናየት ከአብደራፊ ከተማ ተነሥታ እርሻው ስትደርስ «ገዳዩ» ተይዞ ጠበቃት። ከወሎ ለአጨዳ የመጣው ባየልኝ የፊጥኝ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ማን አየው?»

«ማየትስ ማንም አላየ» አሉ ሽማግሌው ዘበኛ አያ ምናለ። «እኔ ማማው ላይ ነበርሁ። ተኩሱ ከቀኝ፣ ከዚህ ልጅ ዳስ ነው የመጣ። ሮጥሁ፤ ሰዉም ተከተለኝ።»

በእርሻው ደንብ ተኩስ ሲሰማ የሚቀድመው ዘበኛ ነው። እሱን አልፎ የሚሮጥ ባለጌ ይባላል።

«ጠመንጃ እንኳ የለኝ!» አለ ባየልኝ።

«ቀብረኸው ይሆናላ!» አለ ካቦው ጀምበሩ። ከዚያ አያ ምናለን ዞሮ በቀኛቸው ቆመና «ውኃ ላምጣልዎ?» አላቸው።

የትናየት ይህን አየች። ሽማግሌውን ለብቻቸው ወስዳ ጀርባቸውን እንዲሰጧት አደረገች፤ በግራቸው ጀሪካን መታች።

«ከየት ነው?»

«ከቀኝ።»

ደግማ በግራ መታች። «ከቀኝ» አሉ አሁንም።

ከዚያ በማማው ግራ ያለውን የማሽላ ማሳ አስፈተሸች፤ ሠራተኞቹን ሁሉ ከዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበች።

«አያ ምናለ አልዋሹም፤ ተኩሱን ሰምተዋል። ከየት እንደሆነ ግን ሊያውቁ አይችሉም። የሁለት ጆሮ ድምፅ በየነርቩ ተጉዞ አንጎል ሥር ይገናኛል፤ የቱ እንደቀደመ እዚያ ይመዘናል፤ አቅጣጫ የሚታወቀው በዚህ ነው። የእሳቸው ግራ ጆሮ አይሰማም። ስለዚህ ሁሉም ድምፅ ከቀኝ የመጣ ይመስላቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በግራ ተኩሶ አገሩን ሁሉ በቀኝ ሊያስሮጥ ይችላል። ጀምበሩ፣ ሊያናግራቸው ሲል በቀኝ የሚዞር አንተን ብቻ አየሁ። ቀለሁም ከማሽላው ውስጥ ተገኘ፤ ይህን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ እዚህ ካንተ በቀር ማን አለው?»

«ሰሊጡን ሰርቄ ወደ ሱዳን፣ ወደ ጋላባት ሳሻግር ነጂው አየኝ» አለ ጀምበሩ።

ባየልኝ ሲፈታ ወደ ዘበኛው ዞረ። «አባቴ፣ ‹ከየት እንደሆነ አላወቅሁም› ማለት ይህን ያህል ከበደዎ?»

«ደንቆሮ ዘበኛ ማን ያኖራል፣ ልጄ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ።

የትናየት ሌሎቹን አየች። «የእናንተ ጆሮስ ደኅና ነው። ከየት ሰማችሁ?»

ወጥ ሠሪዋ ስርጉት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ተናገረች።

«ከግራ ነበር። ሁላችንም የሰማን ከግራ ነው። እሳቸው ወደ ቀኝ ሲሮጡ ግን… ማን ሽማግሌ ያርማል?»

ባየልኝ ገመድ የቆረጠውን እጁን እያሻሸ አንድ በአንድ አያቸው። ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።